ከጥገና በኋላ ያለው ፈተና፦ ስለ ሞተር ሳይክልና ስለ ጄት ሙከራ በረራ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ ከጋራዥ የወጣ ሞተር ሳይክል ወደ ዋናው መንገድ ከመውጣቱ በፊት በምን ቅደም ተከተል መሞከር እንዳለበት ጽፌ ነበር። በዚያው ጽሑፍ፣ በወጣትነቴ ደብረ ዘይት ሳለሁ ከጥገና የወጡ ኤፍ–5 ጄቶችን እየሞከርኩ አበር እንደነበር በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ጠቅሼ አልፌያለሁ። ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ግማሽ ያህሉ የጠየቁት ስለዚያች ዐረፍተ ነገር ነው። ሁለቱም ጉዳዮች በእኔ ዘንድ ተለያይተው ስለማያውቁ ጥያቄዎቹን ሳልለይ አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የምነዳው 150 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ሳይክል ነው። ጠዋት ያለ ችግር ይነሣል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ከነዳሁት በኋላ ግን ኃይሉ እየደከመ ይሄድና ይጠፋል። ጥላ ሥር አቁሜው ጥቂት ከቆየ እንደገና ይነሣል። ጋራዥ ወስጄው ካንዴላው፣ ኮይሉ፣ የቤንዚን ፊልትሮውና ካርቡራቶሩ በአንድ ቀን ተለወጡ። ብዙ ገንዘብ ወጣ፤ ችግሩ ግን እንዳለ ነው። (ሰ. ሀ.፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አራት ዕቃ በአንድ ቀን መለወጡ ችግሩን ካለመፍታቱም በላይ አወሳስቦታል። ሞተርዎ ድኖ ቢሆን ኖሮ ያዳነው የትኛው ዕቃ እንደሆነ ማንም ሊነግርዎ አይችልም ነበር፤ አሁን እንደሆነው ሳይድን ሲቀር ደግሞ ከአራቱ አዳዲስ ዕቃዎች አንዱ ከፋብሪካው ጉድለት ይዞ መጥቶ እንደሆነ መጠርጠር ግድ ይሆናል። ኤፍ–5 ጎን ለጎን የተገጠሙ ሁለት ሞተሮች ስላሉት ለምርመራ የተመቸ አውሮፕላን ነበር። የአንዱ ሞተር የጭስ ሙቀት መለኪያ ከሚገባው በላይ ካሳየ ባለሙያዎቹ ሞተሩን ለማውረድ አይቸኩሉም፤ በመጀመሪያ የግራውንና የቀኙን መለኪያ ያቀያይራሉ። ከፍተኛው ንባብ መለኪያውን ተከትሎ ወደ ሌላው ጎን ከተሻገረ ጥፋቱ የመለኪያው ነው፤ እዚያው ከቀረ ግን ወደ ሞተሩና ወደ ሙቀት መቀበያው ይወረዳል። በአንድ ጊዜ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚያ ይሞከራል፤ ውጤቱ ይጻፋል።

የእርስዎ ሞተር የሚያቀያይሩት ጎን ስለሌለው ጥፋቱን በጠፋበት ደቂቃ፣ እዚያው መንገድ ዳር መያዝ ይኖርብዎታል። እየገፉ ጋራዥ እስኪያደርሱት ከበረደ ምልክቱም አብሮ ይሄዳል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋ መጀመሪያ የቤንዚኑን ታንክ ክዳን ይክፈቱ። በክዳኑ ላይ ያለችው ጠባብ የአየር መግቢያ በአቧራ ከተደፈነች፣ ቤንዚን እየወጣ በምትኩ አየር ስለማይገባ ታንኩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠርና ፍሰቱ ይቆማል። ሲከፍቱት አየር ሲሳብ ከሰሙና ሞተሩ ወዲያው ከተነሣ መድኃኒቱ ቀዳዳዋን መጥረግ ነው፤ አንዲት ሳንቲም አያስወጣዎትም። ካልሆነ የእሳቱን ጉዳይ ያጣሩ። ትርፍ ካንዴላ ይያዙና በሞተሩ ላይ ያለውን ሳይፈቱ ገመዱን ብቻ ነቅለው በትርፉ ላይ ይሰኩት፤ የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኝተው ፔዳሉን ይርገጡ። የተገጠመው ካንዴላ በቦታው እንዲቀር ያልኩት የቤንዚን ትነት በቀዳዳው ወጥቶ ከብልጭታው ጋር እንዳይገናኝ ነው። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ብልጭታ ከሌለ፣ አዲስ የተገጠመውን ኮይል ጨምሮ የእሳቱን መሥመር በሙሉ ይመርምሩ።

እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው ጋራዡ ያልነካውን ነገር ነው፤ ይኸውም የቫልቮላውን ክፍተት። የእሳት ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን በድንገት ይቆርጠዋል፤ እርስዎ የነገሩኝ ደግሞ ኃይሉ እየደከመ ሄዶ እንደሚጠፋ ነው። በቫልቮላውና በሚገፋው ክንድ መካከል መኖር ያለበት ክፍተት የሚለካው በሚሊሜትር መቶኛዎች ነው። በጊዜ ብዛት ጠቦ ከሆነ፣ ሞተሩ ሲግል ብረቱ ስለሚረዝም ክፍተቱ ጨርሶ ይጠፋል፤ ቫልቮላው በሚገባ አይዘጋም፤ ሲሊንደሩ ያመቀውን ያፈስሳል። ሲበርድ ብረቱ ይሰበሰብና ሞተሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሣል። መለካት ያለበት አድሮ በበረደ ሞተር፣ ፒስቶኑ በእመቃው ጫፍ ላይ ሆኖ ነው፤ ልኩን የሚሰጠው የሞተሩ መመሪያ እንጂ የመካኒኩ ግምት መሆን የለበትም። ካርቡራቶሩ ግን መለወጥ እንኳ አልነበረበትም የሚል እምነት አለኝ።

ጥያቄ፦ የሙከራ አብራሪ ሲባል ትዝ የሚለን የድምፅን ፍጥነት ለመጀመሪያ ጊዜ የጣሰው አሜሪካዊው ቸክ ዬገር ነው። የእርስዎ ሥራም እንደዚያ ነበር? በጣም የፈሩበት ጊዜስ? (ዳ. ወ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱ ሥራዎች የሚጋሩት ስሙን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ዬገር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1947 በቤል ኤክስ–1 ከድምፅ ፍጥነት በላይ ሲበር፣ አውሮፕላኑ በዚያ ፍጥነት ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የሚያውቅ አልነበረም። የእኛ ሥራ ግን ጠባዩ አስቀድሞ የታወቀ አውሮፕላን ከጥገና በኋላ ያው የታወቀው ጠባዩ እንዳለ ማረጋገጥ ነበር። በነገራችን ላይ ዬገር ከዚያ በረራ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ከፈረስ ላይ ወድቆ ጎድኑ ተሰብሮ ነበር፤ ለአለቆቹ ሳይናገር፣ በሩን በቀኝ እጁ መዝጋት ስለማይችል ጓደኛው በቆረጠለት የመጥረጊያ እንጨት እየተረዳ ዘግቶ በረረ። ጀግንነቱን አልክድም፤ ሆኖም የራሱን ሰውነት ጉድለት የሚደብቅ አብራሪ የአውሮፕላኑን ጉድለት በታማኝነት ይጽፋል ብሎ ማመን ያስቸግረኛል።

ሞተር ሲለወጥ፣ የክንፍ ወይም የጅራት መሪ ተፈትቶ ሲገጠም፣ ወይም በበረራ ሰዓት ብዛት የሚመጣው ትልቁ ምርመራ ሲጠናቀቅ አውሮፕላኑ ወደ መደበኛ ሥራው ከመመለሱ በፊት ለሙከራ ይወጣል። ሙከራው ምድር ላይ ይጀምራል፤ ሞተሩ ከዝቅተኛው ዙር ወደ ሙሉ ኃይል ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ በሰዓት ይያዛል፤ በመንደርደሪያው ላይ በዝግታ ሲሄድ ፍሬኑና መሪው ይታያሉ። ከተነሣ በኋላ የጎማዎቹ መታጠፍና መዘርጋት፣ የክፍሉ የአየር ግፊት፣ ነዳጅ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው መተላለፉ፣ አውሮፕላኑ እጅ ሲለቀቅለት ወደ አንድ ጎን መሳቡና አለመሳቡ በየተራቸው ይፈተሻሉ። የቅደም ተከተሉ ምሥጢር፣ አንድ ነገር ሲፈተሽ ቢበላሽ እንኳ ቀድሞ የተፈተሸው ነገር አውሮፕላኑን መልሶ እንዲያሳርፍ ነው።

ፍርሃትን በተመለከተ፣ ሆዴን የሚያላውሰው ሆን ተብሎ በአየር ላይ አንዱን ሞተር ማጥፋትና እንደገና ማስነሣት ነበር። ይህ የሚደረገው በቂ ከፍታ ተይዞ፣ ከጦር ሰፈሩ ሳይርቁ ነው፤ እንቢ ካለ በቀረው ሞተር መመለስ እንዲቻል። የኤፍ–5 ሞተሮች ጅራቱ ሥር ተቀራርበው የተገጠሙ ስለሆኑ አንዱ ሲጠፋ አውሮፕላኑ ወደ ጎን የሚያዘነብለው ጥቂት ነው፤ የሌላው ድምፅም የጠፋውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ምስክሩ መለኪያው ብቻ ነው። ዙሩ ይወርድና የሚገባው ነፋስ ብቻ በሚያሽከረክረው ልክ ላይ ይቆማል፤ የማስነሻው ቁልፍ ይጫናል፤ የነዳጁ እጀታ ወደፊት ይገፋል፤ ከዚያ የጭሱ ሙቀት መርፌ እስኪንቀሳቀስ ይጠበቃል። መርፌዋ ከመነቃነቋ በፊት ያለው ጥቂት ሰከንድ በጣም ይረዝማል። በዚያ ሰዓት የሚመጣው ፈተና እጀታውን ደጋግሞ መነካካት ነው፤ የሚያዋጣው ግን እጅን ሰብስቦ መጠበቅ ነው። መርፌዋ ተነሥታ ሙቀቱ በወሰኑ ውስጥ ሲረጋ፣ ሌላኛውን ሞተር ማጥፋት ስለሚቀር ሙከራው ገና ግማሽ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የፊቱን የዲስክ ፍሬን ሸራ ራሴ ለወጥኩ። ሥራው ቀላል ነበር። ከግቢ ለመውጣት ተነሥቼ ፍሬን ስይዝ ግን እጀታው ባዶውን እስከ መሪው ድረስ መጣ፤ ከበሩ ጋር ልጋጭ ለጥቂት ተረፍኩ። ምን አጥፍቼ ነው? (ፍ. ገ.፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የለወጡት በትክክል ነው፤ የቀረው ሙከራው ነው። አዲሱ ሸራ ከአሮጌው ስለሚወፍር እንዲገባ የፍሬኑን ፒስቶን ወደ ኋላ ይገፉታል። ከዚያ በኋላ ፒስቶኑ ወደ ፊት መጥቶ ሸራውን ዲስኩ ላይ እስኪያስጠጋ ድረስ የመጀመሪያዎቹ አያያዞች ሁሉ ባዶ ናቸው። ስለዚህ መፍቻው ከእጅ እንደወጣ፣ ሞተሩ ላይ ሳይቀመጡ፣ እጀታው እስኪጠነክር ደጋግመው ይያዙት። ጠንክሮ ሳለ ለጥቂት ጊዜ አጥብቀው ሲይዙት እየሰመጠ ከሄደ አየር ገብቶታል ወይም ያፈስሳል፤ አይንዱት። ከዚያ ሞተሩን ሳያስነሡ እየገፉ ፍሬኑን ይሞክሩ፤ ቀጥሎ በሰው እርምጃ ፍጥነት፤ ቀጥሎ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ድረስ አያያዙ ደካማ ስለሚሆን በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች በለስላሳው እየቆሙ ያላምዱት።

እግረ መንገዴን፣ የፍሬን ዘይት እርጥበትን ከአየር ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ እንዳለበት ላስታውስዎ። ሥራ ሲጀምሩ የዘረጓቸውን መፍቻዎችና የፈቷቸውን ቡሎኖች መቁጠር፣ ሲጨርሱም መልሶ መቁጠርም ልማድ ይሁንልዎ። በጄት ጥገና ዘንድ አንድ ካቻቢቴ ከጎደለ እስኪገኝ ድረስ አውሮፕላኑ አይነቃነቅም፤ የአየር ማስገቢያው የሚውጠው ትንሽ ብረት የሞተሩን ምላጮች በሙሉ ሊያወድም ይችላልና።

ጥያቄ፦ ለመኪና የገዛሁትን ጥሩ ዘይት ለሞተር ሳይክሌ ብጠቀም ይጎዳል? (ከአዳማ)

መልስ፦ በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ላይ ፍሪሲዮኑ የሚሠራው እዚያው የሞተር ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ነዳጅ እንዲቆጥቡ ተብለው የሚሠሩ የመኪና ዘይቶች የሚያንሸራትት ቅመም ስላላቸው ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል፤ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አይሄድም። ቆርቆሮው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ምልክት ያለበትን፣ ውፍረቱም በመመሪያዎ ላይ የተጻፈውን ይግዙ።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ሞተሬ ጥቁር ጭስ ስላበዛ መካኒኬ በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ናስ በጠባብ ለወጠልኝ፤ በጣምም ተስተካከለ። አሁን ለሥራ ወደ ሰመራ ተዛውሬያለሁ። እዚህ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፤ ዳገት ላይም ይንኳኳል። ሙቀቱ ነው? (ተ. መ.፣ ከሰመራ)

መልስ፦ ሙቀቱ ይጨምርበታል እንጂ ዋናው ምክንያት ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሩ ከባሕር ወለሉ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራቶር አየሩ መሳሳቱን በራሱ ስለማያውቅ ቤንዚኑን ከሚገባው በላይ ይሰጣል፤ ጥቁሩ ጭስ ይህ ነበር። የመካኒክዎ ሥራ ለቦታው ትክክል ነው። ሰመራ ግን ከ500 ሜትር በታች ናት። በጣርማበር በኩል ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተው፣ በኮምቦልቻና በሚሌ አድርገው ሲወርዱ አየሩ በየኪሎ ሜትሩ እየወፈረ ሄዷል፤ የቤንዚኑ ማለፊያ ግን እንደጠበበ ነው። አሁን ሞተርዎ የሚያቃጥለው አየር የበዛበትና ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ነው፤ እንዲህ ያለው ድብልቅ ፒስቶኑን እስከ ማቅለጥ ሊደርስ የሚችል ሙቀት አለው። ካንዴላውን ፈትተው ይመልከቱ፤ ጫፉ ነጭ ከሆነ ግምቴ ተረጋግጧል፤ ጤናማው ቀለም ፈዛዛ ቡናማ ነው። የመጀመሪያዋን ናስ እስኪያስመልሱ ድረስ በሙሉ ጋዝ አይንዱ። ቤንዚን በኢንጄክሽን የሚሰጣቸው አዳዲስ ሞተሮች የአየሩን ግፊት በራሳቸው እየለኩ ስለሚያስተካክሉ ይህ ችግር የለባቸውም።

ይህ ጉዳይ ለሞተር ሳይክል ከመትረፉ በፊት የአውሮፕላን ሰዎች ራስ ምታት ነበር። ጀርመናዊው መሐንዲስ ማክስ ፍሪዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ለቢኤምደብልዩ የሠራው ሦስት–ኤ የተባለው የአውሮፕላን ሞተር ዝናው ለከፍታ ተብሎ የተሠራው ካርቡራቶሩ ነበር፤ ሙሉ ጋዙ ምድር አካባቢ እንዲከፈት አይፈቀድም፤ አየሩ ሲሳሳ ግን ሌሎች ሞተሮች ሲደክሙ እርሱ ኃይሉን ይዞ ይቆያል። ጀርመን ተሸንፋ በቬርሳይ ውል የአውሮፕላን ሞተር መሥራት ስትከለከል፣ ያው ፍሪዝ እ.ኤ.አ. በ1923 የወጣውን የቢኤምደብልዩን የመጀመሪያ ሞተር ሳይክል፣ አር–32ን ነደፈ፤ 494 ሲሲ፣ 8.5 የፈረስ ጉልበት። አሜሪካም ውስጥ ግሌን ከርቲስ እ.ኤ.አ. በ1907 በፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር የገጠመበትን ሞተር ሳይክል በሰዓት 219 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ፣ በዓመቱ ደግሞ በሠራው አውሮፕላን በሕዝብ ፊት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ በሮ ሽልማት ወሰደ። ሁለቱ ሙያዎች ከጥንቱም አንድ ግቢ ውስጥ ያደጉ ናቸው።

እኛም ደብረ ዘይት ላይ ከዚሁ አየር ጋር ነበር የምንታገለው። ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ የፍጥነት መለኪያው የተለመደውን ቁጥር ሲያሳይ፣ አውሮፕላኑ በመሬቱ ላይ የሚሮጠው ከባሕር ወለሉ አሥር በመቶ ያህል ፈጥኖ ነው፤ ሞተሮቹ ደግሞ በተቃራኒው ደክመዋል። በቀትር ሙቀት ሙሉ ነዳጅ ይዞ የተነሣ ሰው የመንደርደሪያውን ጫፍ በደንብ ያየዋል።

ጥያቄ፦ አባቴ ረዘም ላለ ጊዜ የአየር ኃይል የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነበሩ፤ ሥልጠናቸውንም በአሜሪካ ወስደዋል። ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አሮጌ ሞተር ሳይክላቸውና የጥገና ደብተራቸው በእጄ ነው። ደብተሩ በቀይ እስክሪብቶ በተጻፉ ሰረዞች፣ ሰያፍ መሥመሮችና የ«ኤክስ» ምልክቶች የተሞላ ነው። አብዛኞቹ ላይ ፊደል ተጽፎባቸዋል። በመጨረሻው ገጽ «የኋላ ቸርኬ ኩሽኔታ» ከሚለው አጠገብ ያለው «ኤክስ» ግን ባዶ ነው። ወንድሜ ሞተሩን አስነሥቶ ሊነዳው ይፈልጋል። ምልክቱ ምን ማለት ነው? (ሕ. አ.፣ ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ አባትዎን ነፍስ ይማር። የተጠቀሙበት ዘዴ በአሜሪካ አየር ኃይል የጥገና መዝገብ ላይ የሚሠራበት ነው። ቀይ ሰረዝ ምርመራው ጊዜው አልፏል፣ ሁኔታውም አልታወቀም ማለት ነው። ቀይ ሰያፍ መሥመር ጉድለት አለ፣ ነገር ግን መብረርን አይከለክልም ማለት ነው። ቀይ «ኤክስ» ደግሞ ጉድለቱ አደገኛ ስለሆነ እስኪጠገንና ሥልጣን ያለው መርማሪ እስኪፈርምበት ድረስ አውሮፕላኑ ከምድር አይነሣም ማለት ነው፤ ይህን አዛዥም ቢሆን በቃል ሊሽረው አይችልም። ስለዚህ አባትዎ ሞተሩን ያቆሙት ራሳቸው ናቸው። ያለቀ የኋላ ኩሽኔታ ጎማውን በፍጥነት ላይ ያወላግዳል፤ ሲብስም ይይዘዋል። ወንድምዎ ሞተሩን በማቆሚያው ላይ አቁሞ የኋላውን ጎማ ከላይና ከታች ይዞ ቢወዘውዘው ልቅነቱ በእጁ ይሰማዋል።

ኩሽኔታው ከተለወጠ በኋላም ሁለት ዓመት ለቆመ ሞተር ሌላ ሥራ አለ። አሮጌው ቤንዚን ከታንኩና ከካርቡራቶሩ ተቀድቶ ይጣል፤ ሙጫ ስለሚሆን ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ዘይቱና የፍሬኑ ዘይት ይለወጡ። ካንዴላው ተፈትቶ ጥቂት ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ይንጠብጠብና ቁልፉ ሳይከፈት ፔዳሉ በዝግታ ይረገጥ፤ የደረቀው ፒስቶን ሳይቧጨር እንዲላቀቅ ነው። ጎማው ጎን ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ያገኛሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን እ.ኤ.አ. ይነግራሉ። ጎማው ከአሥር ዓመት ካለፈ መልኩ ቢያምርም ይጣል።

አንድ ነገር አደራ፦ በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለውን ምልክት አይፋቁት፣ አይሰርዙትም። በደንቡ መሠረት ጥገናውን ያጣራው ሰው የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በምልክቱ ላይ ይጽፍበታል፤ በሌሎቹ ላይ ያዩዋቸው ፊደሎች እነዚያ ናቸው። አጣሪው ደግሞ ኩሽኔታውን ከለወጠው መካኒክ ሌላ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ስለዚህ ደብተሩን ይዘው ወደ ሁለተኛ ባለሙያ ይሂዱ።